«አቁሙልኝ» ያሉት ማስታወቂያ ለምን ተመልሶ ይመጣል?

ጥያቄ፦ ሜክሲኮ አካባቢ በምገበያይበት ሱፐርማርኬት የነጥብ ካርድ ሳወጣ ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቅናሽ ማስታወቂያ ይጎርፍብኛል። ለካሸሯ ነግሬ «ይጠፋልዎታል» ብላኝ ነበር፤ አንድ ወር ያህል ጋብ ብሎ እንደገና ጀመረ። በዚያ ላይ ከአንድ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በየቀኑ ጥቅስ ይላክልኛል፤ የሞላሁት ካርድም ሳልደውልበት ይቀንሳል። ሁሉንም ብሎክ ላድርጋቸው?

መልስ፦ ብሎኩን ይቆዩት። የነገሩን ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤ ለአንደኛው ብሎክ ጭራሽ አይረዳም።

ካርድዎን ከሚበላው እንጀምር። ባለ አራት አሃዙ ከሂሳብዎ የሚቆርጥ የክፍያ አገልግሎት ሳይሆን አይቀርም፤ ወይ እርስዎ ወይ ስልኩን የነካ ልጅ «እሺ» ብሎ መልሶለት ተመዝግቧል። ብሎክ ሲያደርጉት መልእክቱ ከዓይንዎ ይሰወራል እንጂ ምዝገባው ያለው በኔትወርኩ በኩል ስለሆነ ሂሳቡ መቆረጡን ይቀጥላል። ከዚያ ቁጥር የመጣውን የመጀመሪያ መልእክት ፈልገው ያንብቡ፤ ማቋረጫው ቃል ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ተጽፏል። በአብዛኛው «ስቶፕ» ነው። ቃሉን በላቲን ፊደል፣ ብቻውን፣ ነጥብም ሰላምታም ሳይጨምሩ ወደዚያው ቁጥር ይላኩ። የስልክዎ ኪቦርድ አማርኛ ላይ ከሆነና ቃሉን በግእዝ ፊደል ከጻፉት ሲስተሙ አያውቀውም።

ሁለት ሲም ያለው ስልክ ከሆነ ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የማቋረጫው መልእክት የተመዘገበው ሲም ላይ ነው መነሳት ያለበት። በሌላኛው ሲም ሄዶ «አልተመዘገቡም» የሚል መልስ ያመጣና ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

መቋረጡን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ከሆነ ማታ የሞባይል ዳታውን አጥፍተው በ*804# ቀሪ ሂሳብዎን አይተው ይጻፉት። ጠዋት ከመደወልዎ በፊት እንደገና ይዩት። ዳታውን ማጥፋት የግድ ነው፤ ጥቅል ሲያልቅ ከዋናው ሂሳብ ስለሚቆርጥ ያለ ጥፋቱ ጥቅሱን ያሳማዋል። አሁንም ከቀነሰ 994 ደውለው «በቁጥሬ ላይ የተመዘገቡ የክፍያ አገልግሎቶችን በሙሉ ንገሩኝ፣ አንድ በአንድም አቋርጡልኝ» ይበሉ። የሳፋሪኮም መስመር ከሆነ የሚደወለው 700 ነው።

ወደ ሱፐርማርኬቱ ስንመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። የሚልከው በቁጥር ሳይሆን በስም ስለሆነ መልስ ቢጽፉለትም አይሄድም። ካሸሯ የዋሸችዎት አይመስለኝም፤ ከፊቷ ካለው ኮምፒውተር ላይ አጥፍታ ይሆናል። ግን ቁጥርዎ ያለው እዚያ ብቻ አይደለም። የነጥብ ካርዱ መዝገብ ላይ አለ፤ ማስታወቂያውን በጅምላ ለሚልክላቸው ድርጅት በኤክሴል በተሰጠው ዝርዝር ላይም አለ። ከአንዱ ቢጠፋ በሚቀጥለው ወር አዲስ ዝርዝር ከካርዱ መዝገብ ሲወጣ ተመልሶ ይገባል። ያ የአንድ ወር ዕረፍት የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ «አጥፉልኝ» አይበሉ። መጠየቅ ያለብዎት ቁጥሩ «ማስታወቂያ አይላክለት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ነው፤ የጠፋ ቁጥር ተመልሶ ሊጫን ይችላል፣ የታገደ ግን ቢጫንም አይላክለትም። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ብዙ ሰው ታደክማለች። አንዱ ዝርዝር ቁጥርዎን በ09 ይጽፈዋል፣ ሌላው በ2519፣ ሌላው የመደመር ምልክት ጨምሮበት፤ ኤክሴል ደግሞ ከፊት ያለችውን ዜሮ ይበላና በ9 ያስጀምረዋል። ለሰው አንድ ቁጥር ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አራት። እገዳው በ09 ተመዝግቦ መላኪያው በ2519 ከሆነ አይገናኙም። በማመልከቻዎ ላይ አራቱንም አጻጻፍ ያስቀምጡ።

ማመልከቻው አጭር ይሁን፦

«ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል። የነጥብ ካርዴ ቁጥር ይህ ነው፤ ስልኬም በአራቱም አጻጻፍ ከዚህ በታች አለ። ቁጥሬን ለማስታወቂያ እንዳትጠቀሙበት፣ በእናንተም ሆነ በምታስልኩበት ድርጅት ዘንድ አይላክለት በሚለው ዝርዝር እንድታስገቡልኝ፣ ይህንንም በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። የነጥብ ካርዴ ግን ይቀጥል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር እንዳትቀር፤ አለበለዚያ ካርዱን ከነነጥቡ ሊዘጉት ይችላሉ። ሁለት ኮፒ ይዘው ይሂዱና አንዱ ላይ ቀን ያለበት የ«ገቢ» ማህተም አስመትተው ያስቀሩት። በስልክ ከሆነ የተናገሩትን ማንም አያስታውሰውም።

ባንክዎና ቴሌብር የሚልኩትን ግን በጭራሽ ብሎክ አያድርጉ። ቴሌብር ስለ ክፍያ የሚነግርዎ ከ127 ነው፤ ባንኮችም ብዙ ጊዜ ማስታወቂያውንም፣ የገንዘብ ዝውውሩንም፣ የማረጋገጫ ኮዱንም በአንድ ስም ይልካሉ። ማስታወቂያውን ሲዘጉ ኮዱም አብሮ ይዘጋል፤ ሰውየው ባንኩ ፊት ተሰልፎ «ኮድ አልመጣልኝም» የሚለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ለእነዚህ ድምፃቸውን ብቻ ማጥፋት ይበቃል። በጎግል መልእክቶች መተግበሪያ ከላኪው የመጣውን ከፍተው፣ ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው፣ ወደ ዝርዝርና ማሳወቂያ ገብተው ድምፅ አልባ ያድርጉት። ቀድሞ ብሎክ ያደረጉት ካለ መልእክቶቹ «ስፓምና ብሎክ» በሚለው ክፍል ተቀምጠዋል፤ ከዚያ ይፍቱት።

የታክሲና የምግብ ማድረሻ መተግበሪያዎች ይቀላሉ። ማስታወቂያው ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ጣትዎን ያሳርፉበት፤ አንድሮይድ የማሳወቂያ ዓይነቶችን ለይቶ ያሳያል፣ ገንቢው ከለያቸው። የማስተዋወቂያውን ብቻ አጥፍተው «ሹፌሩ ደርሷል» የሚለውን ይተዉት። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሳይጠይቁ ግሩፕ ውስጥ የሚጨምሯችሁ ነጋዴዎች ካሉ፣ በግላዊነት ቅንብሩ ውስጥ ማን ግሩፕ ሊጨምራችሁ እንደሚችል የሚለውን «እውቂያዎቼ» ላይ ያድርጉት።

ማመልከቻውን ካስገቡ በኋላም መልእክቱ ካልቆመ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የሚያስፈጽመውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለአቤቱታው ገቢ የተመታበትን ኮፒ፣ እንዲሁም ከማህተሙ ቀን በኋላ የደረሱዎትን መልእክቶች ስክሪንሾት ይያዙ፤ የላኪው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ በአንድ ስክሪን ላይ ይታዩ። ቀንና ሰዓቱ ካልታየ መልእክቱን አንዴ ይንኩት፣ ብቅ ይላል።