«መንግሥትም ፈቅዷል» ስለሚባለው ማሪዋና፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ መምህር። የምኖረው አሜሪካ፣ ማሪዋና ለአዋቂ በተፈቀደበት ግዛት ነው። የትራክ ሹፌር ነኝ። ግሪን ካርድ ካገኘሁ አራት ዓመት አልፎኛል፤ በሚቀጥለው ዓመት ለዜግነት ለማመልከት አስቤአለሁ። ከረጅም መንገድ ስመለስ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ አንድ ጓደኛዬ ጋሚ የሚባለውን፣ ማሪዋና ያለበትን ከረሜላ ሰጠኝ። ከወር በላይ ማታ ማታ አንዳንድ ፍሬ እየወሰድኩ ነው፤ አላጨስም። ጓደኞቼ «እግዚአብሔር የፈጠረው ቅጠል ነው፤ መንግሥትም ፈቅዷል፤ ምን ኃጢአት አለው?» ይሉኛል። ባለቤቴም ማሪዋና በሚሸጥበት ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ እንድትሆን ተጠይቃለች። ይህ ነገር ኃጢአት ነው? መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወንድሜ፣ ስለጠየቅህ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሱን «መንግሥትም ፈቅዷል» ከምትለዋ ቃል እጀምራለሁ፤ በሥጋህም በነፍስህም ልታስጎዳህ የምትችለው እርሷ ናትና።

አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሕግ ጎን ለጎን ይኖራል። ኮሎራዶና ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ድምፅ ከፈቀዱ ወዲህ፣ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ማሪዋናን የፈቀዱ ግዛቶች 24 ደርሰዋል፤ ዋና ከተማዋ ዲሲም እንዲሁ ፈቅዳለች። የፌዴራሉ ሕግ ግን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ማሪዋናን ቁጥጥር በሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ደረጃው ዝቅ እንዲል እ.ኤ.አ. በ2024 ሐሳብ ቀርቧል፤ ደረጃ መውረድ ግን ከዝርዝሩ መውጣት አይደለም። በኢሚግሬሽን ዘንድ የሚታየው ደግሞ ዕፁ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ ነው።

ስለዚህ ግዛትህ የሰጠህ ነገር፣ የራሱ ፖሊስና የራሱ ፍርድ ቤት እንዳይከስህ ብቻ ነው። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ነው። የትራክ ሹፌሮችን ምርመራ የሚያዝዘው ሕግ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ፣ ብሔራዊ ፓርኩ ሁሉ የፌዴራል ነው። ከአንዱ ፈቃጅ ግዛት ወደ ሌላው ፈቃጅ ግዛት ይዘህ ብትሻገር እንኳ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። ለራስ መጠቀሚያ መያዝ ብቻውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆንም፣ እስከ አንድ ዓመት እስራትና ቢያንስ 1,000 ዶላር መቀጫ አለው። አንተ ደግሞ ሥራህ ግዛት መሻገር ነው፤ ያቺ የጋሚ ከረጢት ከመኝታህ አጠገብ ባለው ሻንጣ ውስጥ ካለች፣ ድንበሩን ባለፍክ ቁጥር አብራህ ታልፋለች።

ወደ ዜግነቱ ልምጣ። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም ማሪዋና መጠቀምም ሆነ በንግዱ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራት ለዜግነት የሚፈለገውን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። መልካም ጠባይ የሚመረመረው ከማመልከቻው በፊት ያለው 5 ዓመት ነው፤ በዜጋ የትዳር ጓደኛ በኩል ለሚያመለክት 3 ዓመት። ምርመራው እስከ መሐላው ቀን ድረስም ይቀጥላል።

ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት «ፖሊስ ይዞኝ አያውቅም፣ ምን አለብኝ» በማለት ነው። ሕጉ የፍርድ ቤት ውሳኔን ብቻ አይጠብቅም፤ ሰው በገዛ አፉ ማመኑም ሊበቃ ይችላል። ቃለ መጠይቁን አስበው። መኮንኑ ቀኝ እጅህን አስነሥቶ ያስምልሃል፤ ከዚያ ኤን 400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ ጥያቄ በጥያቄ ይወርዳል፤ ዕፅን የሚመለከተው ላይ ሲደርስም እንደ ሌላው ሁሉ በተለመደ ድምፅ ይጠይቅሃል። «አዎ፣ ግን እዚህ ሕጋዊ ነው» ካልክ፣ የፌዴራል ሕግ መጣስህን በመሐላ አመንክ ማለት ነው። «የለም» ብትል ደግሞ በመሐላ ዋሸህ፤ የሐሰት ቃል ብቻውን ዜግነት ያስከለክላል። ከዚያም በላይ «በስሜ በሐሰት አትማሉ» ያለውን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ (ዘሌ. 19፥12) ያስጥስሃል። «ትንሽ ብዋሽ ምን አለበት» የሚል መካሪ ቢመጣብህ አትስማው። ቅጹን ከመሙላትህ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሂድ፤ የሆነውን ሳታስቀር ንገረው። መዋሸትና በጠበቃ ምክር ጥያቄውን አለመመለስ አንድ አይደሉም፤ አለመመለሱ ግን ማመልከቻውን ሊያሰናክል ስለሚችል መቼ ማመልከት እንደሚሻልህ ከእርሱ ጋር ወስን። አንድና ሁለት ዓመት መቆየት ያለህን ግሪን ካርድ ለአደጋ ከማጋለጥ ይሻላል።

«እስከ 30 ግራም ችግር የለውም» የሚል ወሬ ይሰማል። ነገሩ መሠረት አለው፤ ግን ተቆርጦ ነው የሚወራው። ሕጉ 30 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ማሪዋና ለራሱ በመያዝ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈረደበትን የግሪን ካርድ ባለቤት ከመባረር ያድነዋል። በየማታው መውሰድ «አንድ ጊዜ» አይባልም። ደግሞም ይህ ማለፊያ የሚሠራው አገር ውስጥ ላለ ሰው ነው፤ ወደ ውጭ ወጥቶ ሲመለስ የሚፈተሽበት ሕግ ሌላ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል በማመልከቻ የሚጠየቅ ይቅርታ እንጂ በራሱ የሚሠራ ማለፊያ የለም። ስለዚህ ጠበቃ ሳታማክር ወላጆችህን ልትጠይቅ እንኳ ከአገር አትውጣ። በመግቢያው በር ያሉት መኮንኖች ስልክ ለመፈተሽ ሥልጣን አላቸው፤ ከሱቁ ደጃፍ የተነሣኸው ፎቶ፣ በቴሌግራም «ያችን ነገር አምጣልኝ» ብለህ የጻፍካት መስመር እዚያው ናት። የግዛት ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነኝ ካልክ በኋላ ክሱን የሰረዘልህ ከሆነም፣ ኢሚግሬሽን ብዙ ጊዜ እንደ ፍርድ ስለሚቆጥረው ወረቀቱን ለጠበቃው አሳየው። ኢትዮጵያ ስትገባም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አለ፤ «አሜሪካ በሕጋዊ ሱቅ የገዛሁት ነው» ማለት እዚያ መልስ አይሆንም።

ከዜግነቱም ቀድሞ ሊመጣብህ የሚችለው ግን የመንጃ ፈቃዱ ጣጣ ነው። ለንግድ ተሽከርካሪ ሹፌር በሚደረገው የሽንት ምርመራ የመጀመሪያው ወሰን በሚሊ ሊትር 50 ናኖ ግራም፣ የማረጋገጫው 15 ናኖ ግራም ነው። የሚፈለገው ማሪዋናው በሰውነት ውስጥ ተፈጭቶ የሚተወው ቅሪት ሲሆን፣ ስብ ውስጥ ስለሚከማች በየቀኑ የሚወስድ ሰው ላይ ሳምንታት ይቆያል። «ቅዳሜ ወስጄ ሰኞ ንጹሕ ነኝ» የሚለው ስሌት የአልኮል ስሌት ነው፤ ለዚህ አይሠራም። ውጤቱን የሚያየው ሐኪም «ግዛቴ ፈቅዷል» ወይም «የሕክምና ካርድ አለኝ» የሚለውን ምክንያት አይቀበልም። ሲቢዲ (ከዚያው ተክል የሚወጣ፣ የማያሰክር ንጥረ ነገር) ብቻ ነው ተብሎ የተሸጠልህ ዘይት ቢሆንም ያው ነው።

ከወሰኑ በላይ ከተገኘብህ ያን ቀን ከመሪው ትነሣለህ፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሚሠራው የፌዴራል መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሥልጣን ባለው ባለሙያ መመርመር፣ ያዘዘልህን ትምህርት ወይም ሕክምና መጨረስ፣ በሰው ፊት ሽንት ሰጥተህ ማለፍ፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ 6 ድንገተኛ ምርመራ ማድረግ አለብህ። መዝገቡ ቢያንስ 5 ዓመት ይቆያል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ወዲህ ደግሞ ሂደቱን ያልጨረሰ ሹፌር የንግድ መንጃ ፈቃዱን (ሲዲኤሉን) ራሱን ይነጠቃል።

አሁን ወደ ጓደኞችህ ጥቅስ። ዘፍጥረት 1፥29ን እንደሚጠሩልህ ግልጽ ነው። ቃሉን እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ዘር የሚሰጠው ቡቃያ የተሰጠው «መብል» እንዲሆን ነው። ማሪዋና በጋሚ ውስጥ የሚገባው ሊያጠግብ አይደለም። እንዶድንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ልብስ ይታጠብበታል እንጂ አይበላም። ፍጥረት ሁሉ መልካም ነው፤ መልካምነቱ ግን ለተፈጠረበት ጥቅም ነው። ወይን የእግዚአብሔር ስጦታ ሆኖ ሳለ ኖኅ ሲሰክርበት ዕርቃኑን ጣለው። ቤተ ክርስቲያናችን ወይንን አላረከሰችም፤ በእርሱ ሥጋ ወደሙ ይከብርበታል፤ ስካርን ግን እንደ ሐዋርያው ቃል ትከለክላለች (ኤፌ. 5፥18)። ወይን ሳይሰክሩ ይጠጣል። ማሪዋና ግን ለመዝናናት የሚወሰደው ራሱ አእምሮን ለመለወጥ ነው፤ ያ ባይኖር ማንም አይገዛውም። ቅዱስ ጴጥሮስ «በመጠን ኑሩ ንቁም» ያለው (1ኛ ጴጥ. 5፥8) ጠላት ዲያብሎስ የሚዞረው የደነዘዘውን ፈልጎ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ለመዝናናት መውሰድ ኃጢአት ነው፤ በዚህ ላይ ጥርጥር አይግባህ።

«ታዲያ መንግሥት ለምን ፈቀደ?» ትለኝ ይሆናል። የፈቀዱት ግዛቶች ያቀረቡት ምክንያት እስር ቤት በቀላል ጥፋት እንዳይሞላ፣ ጥቁር ገበያው እንዲዳከም፣ ቀረጥ እንዲሰበሰብ ነው። አለመቅጣት ማለት ነው እንጂ መባረክ አይደለም። ፈሪሳውያንም በፍቺ ጉዳይ ሕጉን ጠቅሰው ሲከራከሩ ጌታችን ሙሴ የፈቀደላቸው ስለ ልባቸው ጥንካሬ እንደሆነ፣ ከጥንት ግን እንዲህ እንዳልነበረ ነገራቸው (ማቴ. 19፥8)።

አንተ ግን የምትወስደው ለመዝናናት ሳይሆን እንቅልፍ አጥተህ ነው፤ ይህን ከፈንጠዝያው ጋር አንድ አላደርገውም። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ያስተምራል፤ ለታመመ ሰው በሐኪም ትእዛዝ የተሰጠ መድኃኒት ኃጢአት አይደለም። የካንሰር ሕክምና ለሚያስመልሰው በሽተኛ ድሮናቢኖል የሚባል፣ ከማሪዋናው ንጥረ ነገር ጋር አንድ የሆነ፣ በሐኪም ማዘዣ ከፋርማሲ የሚወጣ መድኃኒት በፌዴራል ሕግም ተፈቅዷል። የግዛቱ የሕክምና ካርድ ግን ማዘዣ አይደለም፤ ዜጋ ላልሆነ ሰው እንዲያውም መጠቀሙን የሚያሳይ ወረቀት ነው። አንተ ጓደኛህን እንጂ ሐኪም አልጠየቅህም። ብዙ የትራክ ሹፌር እንቅልፍ የሚያጣው ሰዓቱ ስለተዛባ ወይም ተኝቶ ትንፋሽ ስለሚቆራረጥበት ነው፤ ሁለቱም የራሳቸው ሕክምና አላቸው።

ጋሚው እንዴት እንደሚይዝም ተመልከት። አንዷ ፍሬ ብዙ ጊዜ የሚያደነዝዘው ንጥረ ነገር 10 ሚሊ ግራም አላት፤ የሚሰማው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። «አልያዘኝም» ብሎ ሁለተኛ የሚጨምር ሰው ሁለቱ አብረው ሲመጡበት ልቡ ይመታል፣ ይደነግጣል፣ ጠዋትም ደንዝዞ ይነሣል። የዳዊት መዝሙሩ፣ የእሑዱ ኪዳን የሚቀረው እንዲሁ ነው። ሐዋርያው «አንዳች አይሠለጥንብኝም» ያለው (1ኛ ቆሮ. 6፥12) እውነት መሆኑን በራስህ ላይ ለማወቅ ተወው፤ ያኔ ማን እንደሠለጠነ ይገለጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ ይብስብሃል፣ ቅዠት ይበዛል፣ ትነጫነጫለህ፤ በአብዛኛው ሰው ላይ በሁለት ሳምንት አካባቢ ይቀላል። በዚያ ጊዜ «ሳልወስድ አልተኛም» ብለህ እንዳትመለስ ቀድመህ እወቀው። የተረፈውንም ዛሬ አጥፋው፤ ሕፃን ከረሜላ መስሎት ከበላው ሆስፒታል ያስገባል።

የባለቤትህን ሥራ በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ፦ እርሷ አትግባበት። እርሷም ዜጋ ካልሆነች፣ ገንዘብ ተቀባይነቱ ራሱ በፌዴራሉ ዓይን ዕፅ በማዘዋወር መሳተፍ ተደርጎ ሊታይባት ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ፍርድ አያስፈልግም፣ መኮንኑ በቂ ምክንያት አለኝ ካለ ይበቃል። ዜጋ ብትሆንስ? ወንድምን የሚያሰናክለውን እየመዘኑ መስጠት (1ኛ ቆሮ. 8፥13) ለክርስቲያን የሚገባ እንጀራ አይደለም። ደመወዙ ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኪራይና የልጆች ወጪ እንደሚያስጨንቅም። ሌላ ሥራ እስክታገኝ ችግራችሁን ለሰበካ ጉባኤያችሁ ከመናገር አትፈሩ።

ስለ ቁርባኑ፦ ቅዳሴው እሑድ ጠዋት ከሆነ የ18 ሰዓቱ ጾም ከቅዳሜ ከቀትር በኋላ ይጀምራል። ቅዳሜ ማታ የምትወስዳት ጋሚ የምትበላ ስለሆነች ጾሙን ሽራዋለች፤ ሌላው ሁሉ ቀርቶ በዚህ ብቻ አትቆርብም። እስካሁን እንዲህ ሆነህ ቆርበህ ከሆነም ለንስሐ አባትህ እርሱንም ጨምረህ ተናዘዝ፤ ቀኖናውን የሚሰጥህ፣ መቼ እንደምትመለስ የሚወስንልህ እርሱ ነው። ኑዛዜ የተዘጋ ምሥጢር ስለሆነ ከእርሱ ዘንድ አይወጣም፤ ግን በቴሌግራም ጽፈህ አትላክለት። ሄደህ እግሩ ሥር ተንበርከክ፤ መንገድ ላይ ከሆንክ ደውለህ ቀን አስይዝ።