በትንሽ ዳታ የሚሠሩ፣ እጅ የሚያፍታቱ ዌብሳይቶች

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አየሁት። ኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ነሽ፣ ላፕቶፕሽ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ነው፣ የስልክሽን ጥቅል ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ካለው ወንድምሽ ጋር ትካፈያለሽ። "የሚጠቅምም የሚያዝናናም ዌብሳይት ንገሩኝ፣ ሁሉም የሚለጥፈውን ዝርዝር ግን አትስጡኝ" ነው ያልሽው። ከላይ ብዙ ሰው ዩቲዩብ ብሎሻል። ዩቲዩብ ጥሩ ነው፣ ግን ጥቅልሽን በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። ደግሞም ሰው ሲሠራ ማየትና ራስ መሥራት በጣም ይለያያል። እኔ የምነግርሽ ቁጭ አድርገው የሚያሠሩትን ነው።

መጀመሪያ ኦቨርዘዋየር የሚባለውን ክፈቺ። እዚያ ውስጥ ባንዲት የሚባል ጨዋታ አለ። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ በጽሑፍ ማዘዣ በሆነው መንገድ፣ ሊነክስ የሚባል ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለው ሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ ትገቢያለሽ፣ የተደበቀ የይለፍ ቃል ፈልገሽ ታገኚያለሽ፣ በዚያ ቃል ወደሚቀጥለው ደረጃ ታልፊያለሽ። ደረጃዎቹ ከ30 በላይ ናቸው። የመጀመሪያው ቀላል ነው፣ ሪድሚ የሚል ፋይል ከፍቶ ማንበብ ነው። የሚቀጥለው ላይ ግን ብዙ ሰው ይቆማል። የፋይሉ ስም አንዲት ጭረት ብቻ ናት። እንደለመድሽው ካት የሚለውን ፋይል ማሳያ ትእዛዝ ጽፈሽ ጭረቷን ስታስከትዪ ምንም አይመጣም፣ ስክሪኑ ዝም ይላል፣ ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ይመስልሻል። አልተቋረጠም። ኮምፒውተሩ ጭረቷን የፋይል ስም ናት ብሎ አልወሰዳትም፣ "ከኪቦርድ የሚጻፈውን ጠብቅ" እንደተባለ ነው የቆጠረው፣ ስለዚህ አንቺን እየጠበቀ ነው። እንዴት እንደሚታለፍ አልነግርሽም፣ ያ ደስታ ያንቺ ነው። ግን አንዴ ራስሽ ከፈታሽው ሊነክስ ትእዛዝ እንዴት እንደሚያነብ መቼም አይጠፋሽም። በስላይድ ያነበብነው ግን በፈተናው ማግስት ይጠፋል። ደግሞ የሚላላከው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ የሚበላው ዳታ ከምንም አይቆጠርም። ዊንዶውስ 10 ካለሽ ኤስኤስኤች አብሮት ይመጣል፣ ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግሽም።

ዳታን ካነሳን ኪዊክስን ሳልናገር አላልፍም። ዊኪፒዲያን አውርደሽ ያለ ኢንተርኔት የምታነቢበት ነጻ ፕሮግራም ነው። ሙሉው የእንግሊዝኛ ዊኪፒዲያ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ እሱን ተዪው። በዘርፍ የተከፋፈሉ ትናንሽ ፋይሎች አሉ፤ የሂሳብ ለብቻው፣ የፊዚክስ ለብቻው። የአማርኛውም አለ፣ እሱ ስልክ ላይ ሳይቀር ይገባል። ለኮዲንግ ደግሞ ዴቭዶክስን ያዢ። የፓይተን፣ የጃቫስክሪፕት፣ የሲ ፕላስ ፕላስና የሌሎችንም መመሪያ አንድ ቦታ ሰብስቦ ይዟል። የምትፈልጊውን መርጠሽ ኦፍላይን ካደረግሽው ብሮውዘርሽ ውስጥ ይቀመጣል። መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ቢጠፋ እንኳ ባትሪሽ እስካለ ድረስ ሥራሽ አይቆምም። ከባድ ከባዱን ለማውረድ የግቢውን ዋይፋይ ወይም የሌሊት ጥቅል ጠብቂ።

ፉክክር ከወደድሽ ኮድፎርስስ ግቢና እይው። ማይክ ሚርዛያኖቭ የሚባል ሩሲያዊ የጀመረው የፕሮግራሚንግ ውድድር ነው። ለእኛ የሚመቸን ነገር ምን መሰለሽ? አብዛኛው ውድድር በሞስኮ 17:35 ላይ ይጀምራል። የሞስኮና የአዲስ አበባ ሰዓት ደግሞ እኩል ነው፣ ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ከ35 ማለት ነው። ጃፓን ያለው ልጅ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ይጀምራል፣ እኛ ግን ከክፍል ወጥተን፣ ማኪያቶ ጠጥተን እንደርሳለን። የሚያስቸግረው የታክሲ ሰልፍ ሰዓት መሆኑ ነው፣ ቤትሽ ሩቅ ከሆነ በውድድር ቀን ግቢ ቆዪ። ለጀማሪ ዲቪዥን 4 እና ዲቪዥን 3 የሚባሉት ቀለል ያሉ ውድድሮች ይሻላሉ። አንድ ጥያቄ ብቻ ፈትተሽ ብትወጪም አይክፋሽ። ማግስቱን ያቃተሽን ጥያቄ እንደገና ሥሪው፣ ልጆቹ አፕሶልቭ የሚሉት ይህን ነው፣ የሚያሳድገውም እሱ ነው። ደረጃ ቁጥር እያዩ መጨነቅ ለምንም አይረባም።

ለወንድምሽ ፌት፤ የሳይንስ ሙከራ ስክሪን ላይ የሚሠራበት ዌብሳይት ነው። ይህን ለማንም ተማሪ ሳልነግር አላልፍም፣ ምክንያቱም ላብራቶሪ ሳያይ ፊዚክስ የሚጨርስ ልጅ ብዙ ነው። አሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሠራው፤ በፈረንጆች 2002 የጀመረው ካርል ዊማን ነው፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በማውዝ እየጎተተ ሰርኪዩት ይሠራል። አምፖሎቹን በተከታታይ ሲያያይዝ ብርሃኑ ሲደክም፣ ጎን ለጎን ሲያያይዝ ደግሞ ሳይደክም ሲቀር በዓይኑ ያያል። ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጫፍ ጫፍ ካገናኘው እሳት ይነሳል፣ ስክሪን ላይ ነው እንጂ ማንም አይቃጠልም። ከዚያ መምህሩ ቀመሩን ሲጽፍለት ስለምን እንደሚያወራ ይገባዋል። ሂሳብ ከከበደው ካን አካዳሚን ጨምሪለት፤ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም። ቪዲዮውን ትቶ መልመጃውን ብቻ ቢሠራ ዳታም ይቆጥባል።

ለመዝናናት ያልሽውን አልረሳሁም። ቪ86 የሚባል አለ፣ ብሮውዘርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ያስነሳልሻል። ድሮ የነበረውን ዊንዶውስ 95 ከፍተሽ ማይንስዊፐር መጫወት ትችያለሽ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን ኮርስ ስትወስጂ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን ምን እንደሆነ ቀድመሽ አይተሽዋል ማለት ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይም የዶስ ዘመን ጨዋታዎች ሞልተዋል፣ ምንም ሳትጭኚ እዚያው ትጫወቻቸዋለሽ። ቼዝ ከወደድሽ ሊቼስ፤ ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ዳታም አይበላም።

አንድ የመጨረሻ፣ አዝናኝ ያልሆነ ግን የግድ የሆነ። ፍላሽሽን ፕሪንት ቤት ሰክተሽ ስትመለሺ ፎልደሮችሽ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያጋጠመሽ ይመስለኛል፣ እዚህ ከተማ ያላጋጠመው ተማሪ የለም። አትክፈቻቸው። የተጠራጠርሽውን ፋይል ቫይረስ ቶታል ላይ ስቀይው፣ በብዙ አንቲቫይረሶች በአንዴ ይመረምርልሻል። ነገር ግን እዚያ የሚጫን ፋይል ለሌሎች የደህንነት ባለሙያዎችም ስለሚደርስ መታወቂያሽን፣ ትራንስክሪፕትሽን ወይም የግል ደብዳቤሽን እንዳትጭኚ።

የኪዊክስን የሂሳብና የፊዚክስ ፋይሎች፣ የፌትንም ሰርኪዩት አውርጄ ይዣቸዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነኝ። 32 ጊጋ ፍላሽ ይዘሽ ከመጣሽ እገለብጥልሻለሁ፣ ሌላም የሚፈልግ ካለ ከታች ይጻፍልኝ።