ኬሞ፣ ኤሌክትሪክና ጨረር፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

«ካንሰር በኤሌክትሪክ ይድናል» የሚል ቪዲዮ ሲዘዋወር ሰንብቶ ጥያቄው በዛብኝ። ነገሩ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ሰጥቶ ዕጢው ላይ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምት መስጠት ነው፤ ጨረር የመጨመር ሐሳብም አለ። እስቲ አንድ በአንድ።

ዶክተር፣ ኤሌክትሪኩ ዕጢውን ያቃጥለዋል ማለት ነው? (ከደብረ ማርቆስ)

አያቃጥለውም። አንዱ ምት የሚቆየው የሰከንድ አሥር ሺህኛ ያህል ነው፤ በተለመደው አሠራር 8 ምት ይሰጣል። ሥራው የሕዋሱን ሽፋን ለጥቂት ደቂቃዎች መክፈት ነው። ዕጢውን የሚገድለው መድኃኒቱ ነው። ብሊዮማይሲን የሚባለው ኬሞ በራሱ ወደ ሕዋስ መግባት ይቸግረዋል። ሽፋኑ ሲከፈትለት ግን ገብቶ ዲ ኤን ኤውን ይቆራርጠዋል። በላቦራቶሪ ኃይሉ በመቶዎች እጥፍ ሲጨምር ታይቷል። ሲስፕላቲንም ይሠራል፤ ጭማሪው ግን ያነሰ ነው። ደግሞ ምቱ የዕጢውን የደም ሥሮች ለጊዜው ያጠባል። ለሚደማ ዕጢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አዲስ ግኝት ነው?

ኧረ የቆየ ነው! ተመራማሪው ሉዊስ ሚርና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ በሰው ላይ ሞክረው ውጤቱን ያሳተሙት በ1991 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ጨረሩ ለምን ይጨመራል? (ከፍኖተ ሰላም)

ብሊዮማይሲንም ሲስፕላቲንም ሕዋሱ በጨረር በቀላሉ እንዲጎዳ ያደርጉታል። መድኃኒቱ ዕጢው ውስጥ በብዛት ከገባ፣ ያው የጨረር መጠን የበለጠ ይጎዳዋል፤ ዙሪያው ያለው ጤነኛ አካል ግን ያን ያህል መድኃኒት አልገባበትም። ሐሳቡ ይህ ነው፣ እኔም ደስ ይለኛል። የስሎቬኒያ ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ሦስቱን ሲያጣምሩ ዕጢው በተሻለ ጠፍቷል። ግን አይጥ አይጥ ነው። ለሕመምተኛ በመደበኛነት ተጣምሮ የሚሰጠው ኬሞና ኤሌክትሪኩ ብቻ ነው፣ ሦስቱ አንድ ላይ አይደለም፤ እሱም በዋናነት ቆዳ ላይና ከቆዳ ሥር ላሉ ዕጢዎች። በሰውነት የተሰራጨን ካንሰር አያጠፋም። ቪዲዮው ይህችን ዘሏታል።

ያማል? (ከሞጣ)

ጡንቻ ያስፈነጥራል፤ ስለዚህ በማደንዘዣ ነው የሚሠራው። ልባቸው ላይ ማሽን የተገጠመላቸውና የሳንባ ሕመም ያለባቸው አስቀድመው ይናገሩ። ብሊዮማይሲን ሳንባ ይጎዳል።

እናቴን ለጨረር ቀጠሯት። ይህን ልጠብቅ ወይስ አባይን ልሻገር? (ከቢቸና)

ተሻገሪ እንጂ፣ እህቴ! ጨረር አገራችን ውስጥ ለረጅም ዘመን ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋውን ታውቂዋለሽ። የተገኘ ቀጠሮ በቪዲዮ አይለወጥም። ጸበሉንም ከፈለጋችሁ አስጠምቂያት፤ መድኃኒቱ ብቻ አይቋረጥ።

የአባቴ እግር ዝሆኔ ነው። ኤሌክትሪኩ ይጠቅመዋል? (ከደጀን)

አይጠቅመውም። ዝሆኔ ካንሰር አይደለም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባትና ጫማ ነው የሚፈልገው። ግን የውስጥ እግራቸውን እይላቸው። በጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር የሚወደው ቦታ እሱ ነው። እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የማይድን ቁስል ካለ፣ እሾህ ወግቶኝ ነው ቢሉህም ሆስፒታል ውሰዳቸውና ናሙና ይወሰድላቸው።