ኬላ ላይ ቆሞ የተመለሰውን ወንድማችሁን ስሙት

ልጆቼ እኔ እዚሁ ጅማ በሳይካትሪ፣ ማለትም በአእምሮ ሕክምና፣ ነርስነት ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ይሄን የምጽፈው ወታደር ለመሆን ለምታስቡትም ከግዳጅ የተመለሰ አባት ወይ ወንድም ቤታችሁ ላለም ነው። ስለ ጦርነት ስናወራ ሁሌ የምናነሳው የሞተውን፣ የቆሰለውን፣ በሌሊት የሚባንነውን ነው። ልክ ነው። ግን ውጊያው ካለቀ በኋላ የሰው አገር ይዞ መቀመጥ አለ፣ ኬላ ላይ ቆሞ መፈተሽ፣ ሌሊት የሰው በር አስከፍቶ መግባት፣ ልጆቹ እያዩ አባትየውን ግድግዳ አስደግፎ ማቆም፣ እዚያ የሚደርሰው ጉዳት ከፍርሃት የሚመጣ አይደለም፣ ከራስ ነው የሚመጣው፣ ለዛም ነው ሰው የማያወራው።

አንድ ሰው ነበር፣ ስሙንም የነበረበትንም ቦታ አልናገርም። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነው የመጣው። ስለ ውጊያው ስትጠይቀው ሁሉንም ይነግርሃል፣ ጓደኞቹ አጠገቡ የወደቁበትን ቀን ሳይቀር። ከስንት ቀጠሮ በኋላ ነው ሌላውን ያወጣው፦ ኬላ ላይ የእናቱ እኩያ የሆኑ ሴትዮ እህላቸውን ይዘው ለማለፍ ተንበርክከው ጫማውን ሳሙት፣ ትእዛዝ ስለነበረ አላሳለፋቸውም፣ እሱስ ይሁን፣ "ሲስሙኝ ግን ደስ ብሎኝ ነበር" አለ። ያን ሁሉ ዓመት አረቄ ያስጠጣው ይቺ ነበረች።

ይሄ የአንድ ሰው ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 እስራኤል በያዘችው የፍልስጤም ግዛት ባለችው ኬብሮን ከተማ ያገለገሉ የእስራኤል ወታደሮች ከሠራዊት ሲወጡ ቴላቪቭ ላይ ኤግዚቢሽን ከፍተው ያነሷቸውን ፎቶዎች ከፍልስጤማውያን ሹፌሮች ከቀሟቸው የመኪና ቁልፎች ጋር ለሕዝብ አሳዩ፣ "ብሬኪንግ ዘ ሳይለንስ" (ዝምታን መስበር) የሚባለው ድርጅታቸውም ከዚያ ወዲህ የብዙ ወታደሮችን ምስክርነት ሰብስቧል። ቁልፍ እኮ ትንሽ ነገር ናት፣ ግን የሃያ ዓመት ልጅ የትልቅ ሰው ቁልፍ ነጥቆ ኪሱ ሲከት ውስጡ የሆነ ነገር ይለመዳል፣ እነሱም ሲናገሩ ያስጨነቃቸው ይሄው መለመዱ ነው። ከነሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ ዲትሮይት ላይ ቬትናም ዘምተው የተመለሱ ከመቶ በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ተሰብስበው ያዩትንና ራሳቸው ያደረጉትን በአደባባይ ተናግረዋል። ዛሬ ፒቲኤስዲ የምንለው፣ ከከባድ አደጋ ወይ ከጦርነት በኋላ የሚቀር የአእምሮ ሕመም፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ሳይካትሪ የሕመሞች መዝገብ የገባውም እነሱ ዝም አንልም በማለታቸው ጭምር ነው።

ፍራንዝ ፋኖን ደግሞ በፈረንሳይ በተያዘችው አልጄሪያ የሳይካትሪ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ሥራው እስረኛ ማሰቃየት የሆነ ፖሊስ ታካሚ መጥቶበት ነበር። ሰውየው ቤቱ ሲገባ ሚስቱንና ልጆቹን ይደበድባል። ሐኪሙን የለመነው ምን መሰላችሁ፣ ህሊናዬ ሳይረብሸኝ ሥራዬን እንድቀጥል እርዳኝ ነው ያለው። ያንን ሳነብ ያሰብኩት ሚስትየዋን ነው።

እዚሁ ጅማ የድሮውን ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. የሠራው ጣሊያን ነው፣ ለራሱ ወታደሮች ብሎ። እኛ እንግዲህ የተያዘ ሕዝብ ልጆች ነን፣ አያቶቻችን ኬላውን የሚያውቁት ከተፈታሹ ወገን ነው። ስለዚህ አንድ ነገር እንዳይምታታባችሁ እፈልጋለሁ፣ ወታደሩ አለቀሰ ማለት ሴትዮዋ እህላቸውን አገኙ ማለት አይደለም፣ የሱ ሕመም የሳቸውን አይሽረውም፣ ይቅርታም ካለ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው እንጂ እኛ ሰሚዎቹ አይደለንም። ግን ካልተናገረ እሳቸው የደረሰባቸውን ማን ይመሰክራል? ለኔ ሁለቱ አይጣሉም።

ወንድማችሁ ማውራት ከጀመረ "ስንት ገደልክ" ብላችሁ አትጠይቁት፣ በፍጹም። "ትእዛዝ ነው፣ ምን ታደርግ" ብላችሁም አትቸኩሉ፣ ለማጽናናት ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ ግን እሱ ከዚያ በኋላ አፉን ይዘጋል፣ እስኪጨርስ ጠብቁት። ስልክ አውጥታችሁ አትቅረጹት፣ ለብሔር ክርክርም ማስረጃ አታድርጉት፣ በአደባባይ ልናገር ካለ ራሱ ይወስን፣ ጊዜውንም እሱ ይምረጥ። ለመግባት የምታስቡት ደግሞ ምልመላ ላይ ስለ ደሞዝና ስለ ጀግንነት ይነግሯችኋል፣ እናንተ ግን ከተመለሱት አንዱን ፈልጋችሁ ኬላ ላይ ቀኑ እንዴት እንደሚውል ጠይቁ።

ጠበል ወይ ዱአ እንውሰደው የምትሉ ውሰዱት፣ አልከለክልም፣ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ጫትና አረቄ አብዝቶ እንቅልፍ ካጣ፣ ወይም ሞትን ማንሳት ከጀመረ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ሳይካትሪ ክፍል ይምጣ፣ ብቻውን አትላኩት፣ ካርድ ክፍል ሰልፍ ሲያይ ይመለሳል፣ አብራችሁት ሂዱና እሱ ቁጭ ይበል፣ ሰልፉን እናንተ ያዙለት።