4,294,967,297 ፕራይም ነው ወይ ላልከው ወንድሜ

4,294,967,297 ፕራይም ቁጥር መሆኑን ፕሮግራምህ ነግሮህ አላመንከውም። ደግ አደረግክ፣ አትመነው። ፕራይም፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር፣ አይደለም። እኔም ከዚሁ ቁጥር ጋር ብዙ ታግያለሁና አንተ ባትደክም ደስ ይለኛል።

1. ፕራይሞችን በየተራ እየሞከርክ አትልፋ። ስኩዌር ሩቱ 65,536 አካባቢ ነው፣ እስከዚያ 6,542 ፕራይሞች አሉ። ቁጥሩ የተሠራው 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲደመርበት ነው። የእንዲህ ዓይነት ቁጥር አካፋይ ደግሞ ለ128 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 እያልክ ሂድ። ከእነዚህ ፕራይሞቹ 257 እና 641 ብቻ ናቸው። በ257 ስታካፍል 2 ይተርፋል። በ641 ግን 6,700,417 ይደርሳል፣ ቀሪ የለም። በቃ፣ በሁለተኛው ሙከራ ተገኘ! እኔ በወረቀት ነው የሠራሁት፣ እስከ ዛሬም ያኮራኛል።

2. ፕሮግራምህን የሸወደው በ2 የሚደረገው ፈተና ይመስለኛል። የኔንም የሸወደው እሱ ነው። ከቁጥሩ በ1 ያነሱ ሁለቶችን አባዝቶ ውጤቱን ለቁጥሩ ያካፍላል፣ ቀሪው 1 ከሆነ «ፕራይም» ይላል። እዚህ ግን 32 ሁለቶች ሲባዙ ቀሪው −1 ነው፣ ማለትም ቁጥሩን ለመሙላት 1 ብቻ ይጎድለዋል። እሱን በራሱ አባዛው፣ 1 ሆነ። ከዚያ ወዲያ የፈለግከውን ያህል በራሱ ብታባዛው ከ1 ንቅንቅ አይልም። በ2 ፋንታ በ3 ፈትነው፣ ወዲያው ይጋለጣል። ፕሮግራሙ በ32 ቢት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ተቆርጦ 1 ይሆንብሃል፣ ይህንንም እይ።

3. ማንም በትልቅ ስም አያስፈራራህ። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ የዚሁ ዓይነት ቁጥሮች የሆኑት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ፕራይም ስለሆኑ ይሄኛውም ነው ብሎ ያምን ነበር። አንድ መምህር ዘንድ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳን ሳያየው «ፌርማ ተሳስቶ አንተ ልክ ልትሆን?» አለኝ። ሁለት ቁጥር ማባዛት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እስካሁን ያናድደኛል። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር እኮ በ1732 እ.ኤ.አ. ይህችኑ 641 አውጥቶ ነገሩን ዘግቶታል!

6,700,417ስ ይከፈላል ወይ ብለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። የሱም አካፋይ ያንኑ የ128 ሕግ ይከተላል። ስኩዌር ሩቱ ከ2,589 በታች ስለሆነ 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409ን ብቻ ሞክር። አንዳቸውም አያካፍሉትም፣ እሱ ፕራይም ነው።