ገጹ ታግዶ ነው ወይስ ተበላሽቶ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ዘወትር የማነበው የዜና ድረ ገጽ ከሰሞኑ በቤቴ ዋይፋይ አልከፈት ብሎኛል፤ ሌሎች ገጾች ግን ያለ ችግር ይከፈታሉ። ጎረቤቴ «መንግሥት ዘግቶት ነው» ይላሉ፤ ልጄ ደግሞ «ሰርቨሩ ተበላሽቶ ነው» ትላለች። እውነቱን በምን ማረጋገጥ እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ የጎረቤትዎ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሣ አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ 264 ድረ ገጾችን፣ ብሎጎችንና የቴሌቪዥን ጣቢያዎችን ከእገዳ መልቀቁን አስታውቋል፤ ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለ5 ወራት ያህል ታግደው፣ ሌላው ኢንተርኔት ግን ሲሠራ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ገጹ አለመከፈቱ ብቻውን የእገዳ ማስረጃ አይሆንም። የባለቤቱ ሰርቨር (ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) ቆሞ፣ የአድራሻው ዓመታዊ ክፍያ ሳይታደስ ቀርቶ፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ከኢትዮጵያ የሚመጡ ጎብኚዎችን ላለማስተናገድ ወስኖ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻው ሁኔታ ብዙውን ጊዜ «403» የሚል ቁጥር ይወጣል። በሕግ ምክንያት ለተከለከለ ገጽ «451» የሚባል ቁጥር ቢኖርም፣ የሚያግደው አካል እሱን የማሳየት ግዴታ ስለሌለበት ገጹ ሲሽከረከር ቆይቶ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» ብሎ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ ፍርዱ የሚገኘው ከማነጻጸር ነው። በዚያው ስልክ፣ በዚያው ሰዓት፣ ዋይፋዩን አጥፍተው በኢትዮ ቴሌኮም ዳታ፣ ከዚያም በሳፋሪኮም ሲም ይሞክሩ። (ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. መሞከር የጀመረው በድሬዳዋ በመሆኑ ሁለቱን ሲም የያዘ ሰው ሰፈርዎ ውስጥ አይታጣም።) ገጹ በአንዱ ተከፍቶ በሌላው ካልተከፈተ ሰርቨሩ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ኔትወርኩ ይዞራል። በሁለቱም እምቢ ካለ ደግሞ ውጭ አገር ያለ ሰው ይጠይቁ፤ ጅቡቲ ወይም ጅዳ ዘመድ የሌለው የድሬ ሰው መቼም ጥቂት ነው። እዚያም ካልተከፈተ የልጅዎ ግምት ሚዛን ይደፋል። በቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ አገር በኩል አዙሮ በሚያሳልፍ መተግበሪያ) መከፈቱን ግን ብቻውን አይመኑበት፤ ባለቤቱ ኢትዮጵያን የከለከለበት ገጽም በቪፒኤን ይከፈታልና።

እገዳ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። አንደኛው፣ የገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠው ዲኤንኤስ የሐሰት መልስ እንዲሰጥ ወይም ዝም እንዲል ማድረግ ነው። በአንድሮይድ ስልክ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን ወደ ጉግል ወይም ክላውድፌር ወደተባለው ኩባንያ ዲኤንኤስ ቀይረው ገጹ ከተከፈተ ችግሩ እዚያ ነበር ማለት ነው፤ ይህም ተራ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል ለመፍረድ አይቸኩሉ። ሌላው ጠለቅ ያለ ነው፦ ስልክዎ ከገጹ ጋር የሚለዋወጠው መልእክት የተመሰጠረ ቢሆንም፣ ግንኙነቱ ሲጀመር የገጹ ስም አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ስለሚላክ፣ መካከል ላይ ያለ መሣሪያ ስሙን አይቶ ግንኙነቱን ሊቆርጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን እገዳ ዲኤንኤስ በመቀየር ማለፍ አይቻልም።

ይህን ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚፈትሽ «ኡኒ ፕሮብ» (OONI Probe) የሚባል ነፃ የስልክ መተግበሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ይህ ፕሮጀክት የገጹን አድራሻ ሲያስገቡለት ከእርስዎ ኔትወርክ ያገኘውን መልስ ክልከላ ከሌለበት ሌላ ቦታ ካገኘው ጋር ያስተያያል። ቪፒኤን ከፍተው አይሞክሩት፤ የሚለካው የቪፒኤኑን ኔትወርክ ይሆናል። «ያልተለመደ ነገር ታይቷል» ቢልዎም ይህ ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ በተለያየ ሰዓት ደጋግመው ሲሞክሩ ያው ውጤት ከመጣና ሌሎችም በዚያው ኔትወርክ ተመሳሳይ ካገኙ ግን «ታግዷል» ለማለት በቂ መሠረት አለዎት።

ከመጫንዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ፦ ውጤቱ ከቀኑ፣ ከሰዓቱና ከኔትወርኩ ስም ጋር ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ላይ ይወጣል። ይህን ካልፈለጉ፣ ፍተሻውን ከመጀመርዎ በፊት በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ውጤት መላኩን ያጥፉት።