መልስ፦ ለ5 ዓመት ልጅ ኪቦርድ ከየት ይጀመራል?

እህቴ፣ የ5 ዓመት ልጅሽን የሙዚቃ ኪቦርድ ለማስጀመር ኖታ ማንበብ ይቅደም ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ኖታው ይቆይ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ጆሮዋና ጣቷ ይተዋወቁ።

ከጥቁሮቹ ቁልፎች ጀምሪ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተደረደሩት። «ሁለቶቹ የት አሉ? ሦስቶቹስ?» እያልሽ አጫውቻት። ከሁለቶቹ በስተግራ ጥግ ያለችው ነጭ ቁልፍ ዶ ናት፣ የ«ዶ ሬ ሚ» መጀመሪያዋ። ይህን ከያዘች ዶን የትም ቦታ ታገኛታለች። የድምፅ ስም የተጻፈበት ስቲከር ቁልፎቹ ላይ መለጠፍ አያስፈልግም።

ደግሞ በጣም የምወደው ነገር አለ። ጥቁሮቹን ብቻ ስትነኪ የሚወጡት አምስት ድምፆች ናቸው፤ ከባህላዊ ቅኝቶቻችን (የዜማ ስልቶቻችን) አንዱ የሆነው ሜጀር ትዝታ እዚያው ተቀምጦልሻል። ልጅቷ እንዳሻት ብትነካካ እንኳ ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር አይወጣም። አንቺ ዝቅ ባለው ድምፅ በኩል ከሦስቶቹ ጥቁሮች በስተግራ የመጀመሪያዋን እየደጋገምሽ ምቺላት፣ እሷ ከላይ የራሷን ዜማ ትፍጠር። የኔዋን ልጅ ፍርሃቷ የለቀቃት በዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ከኪቦርዱ ማንሳት ነበር የከበደን!

የጣት ቁጥር አሁኑኑ አስለምጃት፤ በሁለቱም እጅ አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5 ናት። ክርኗ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ይሁን። እግሯ ከተንጠለጠለ በርጩማ አስገቢላት። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ሲሰለቻት አቁሚ።

ለግዢው ባለ 61 ቁልፍ ለጅምር በቂ ነው። ግን ሱቅ ውስጥ ሞክሪው፤ ጠንከር ስትጫኚ ድምፁ ካልጨመረ ይቅርብሽ።